በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያሉት ፊቶች
(ከቅዳሴ በኋላ በእህቶች መርሐ ግብር ላይ ከአንዲት እህታችን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ወር «የሚቀጥለው ተራ ያንቺ ነው» ስባል ምን ይዤ እንደምቀርብ ጨንቆኝ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ስብከቱን ለመምህሮቻችን እተወዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን ከሁሉም የምወደው ታሪክ ነበር፤ ስለዚህ ታሪክ ላውራላችሁ ብዬ መጣሁ። የማወራው ስለ ጭምብል ነው። ከኮሮና ወዲህ ጭምብል ሲባል ለሁላችንም ትዝ የሚለን አፍና አፍንጫ የሸፈንበት ጨርቅ ነው። የዛሬው ሌላ ነው። ለበዓልና ለጨዋታ ፊት ላይ የሚደረገው፣ በወርቅ ቀለምና በላባ ያጌጠው ነው።

ነገሩ የመጣው ከሥራዬ ነው። በምሠራበት ቤት የሳሎኑ ግድግዳ ላይ አምስት ጭምብሎች ተሰቅለዋል። ማዳምና ሚስተር ጣሊያን አገር ሄደው ያመጧቸው ናቸው። በየሐሙሱ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በኢሞ ስንነጋገር ከኋላዬ አየቻቸውና «በስመ አብ! የምን ፊት ነው የሚያይሽ?» ብላ አማተበች። እኔም ሳቅኩ።

አራቱ ያምራሉ። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ረጅም ምንቃር አለው፣ ሁለቱ በወርቅ ቀለም የተሣሉ ናቸው። አምስተኛው ግን ጥቁር ነው። ክብ ሆኖ ሁለት የዓይን ቀዳዳ ብቻ አለው፤ አፍ የለውም። ማሰሪያ ክርም ጎማም የለውም። በጀርባው በኩል፣ አፍ በሚሆንበት ቦታ፣ አንዲት የልብስ ቁልፍ ተሰፍታበታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠርገው «ይሄ ያለ ማሰሪያ ፊት ላይ እንዴት ይቆማል?» እያልኩ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን የማዳምን ልጅ ጠየቅኳት። ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ነው የምታጠናው። የነገረችኝን ስሰማ ጨርቁን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንዳለችኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እሷን እየጠየቅኩ፣ ማታ ማታም በስልኬ እያነበብኩ ብዙ ነገር ሰበሰብኩ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የእነሱም ቅበላ ነው

ካርኒቫል የሚባለው በዓል በቴሌቪዥን ስናየው የዘፈንና የዳንኪራ ብቻ ይመስለናል። ሥሩን ስናየው ግን የምናውቀው ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አገራችን ምን ይደረጋል? ቅበላ ነው። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሰው ይሰለፋል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠራራል። ከፋሲካ በፊት እንደማይገናኝ ሰው ሁሉም ሥጋውንና ቅቤውን ይሰናበታል። ካቶሊኮችም ከፋሲካ በፊት የ40 ቀን ጾም አላቸው፤ በድሮ ጊዜ እነሱም በጾሙ ሥጋ አይበሉም ነበር። ካርኒቫል የሚለው ስም ራሱ ሥጋን ማንሳት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው ይባላል። እዚህ ያሉት ክርስቲያኖችም የጾሙን ዋዜማ «መርፈዕ» ይሉታል። ዓረብኛ የለመደች እህት ታውቀዋለች፤ «አነሳ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እኛ ቅበላ ስንል ጾሙን መቀበላችን ነው፤ እነሱ ደግሞ ሥጋውን ማንሳታቸው ነው። ነገሩ አንድ ነው።

ልዩነቱ እነሱ ከመብሉ ጋር ጨዋታ መጨመራቸው ነው። ጾሙ እስኪገባ ባሉት ቀናት ዓለም የተገለበጠች ይመስላል። ድሃው እንደ ሀብታም፣ ሎሌው እንደ ጌታ፣ ወንዱ እንደ ሴት ይለብሳል። ይህ እንዲሆን ደግሞ ማን ማን እንደሆነ መታወቅ የለበትም። ጭምብሉ የመጣው በዚህ ነው።

ቬኒስ

በጭምብል የታወቀችው ከተማ ቬኒስ ናት። ቬኒስ በጣሊያን ሰሜን ምሥራቅ በባሕር ዳር፣ በትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። መንገዷ ውኃ፣ መኪናዋ ጀልባ ነው። ዛሬ የጣሊያን ከተማ ትሁን እንጂ ለብዙ መቶ ዓመታት ራሷን የቻለች የነጋዴዎች መንግሥት ነበረች። የሚገዟት መኳንንት ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱን ዶጅ ብለው እስከ ዕድሜ ልኩ ይሾሙ ነበር።

በቬኒስ ከጾም በፊት ስለሚደረገው የሕዝብ ጨዋታ የሚናገረው የመጀመሪያ ጽሑፍ የ1094 ነው። ስለ ጭምብል የሚናገረው የታወቀ የቆየ ጽሑፍ ደግሞ የ1268 ነው። እሱም ሕግ ነው፤ ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ዕንቁላል የመወርወር ጨዋታ እንዳይጫወቱ ይከለክላል። የዕንቁላሉን ቅርፊት ሽቶ ውኃ ሞልተው መንገድ ላይ በሚያልፉ ሴቶች ላይ ይወረውሩ ነበር ይባላል። በ1296 መንግሥት ከጾሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቀን የሕዝብ በዓል አደረገው።

እህቶቼ፣ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የድሮ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር የምናውቀው ከተከለከለው ነገር ነው። በ1339 ጭምብል አድርጎ በሌሊት መዞር ተከለከለ፤ በሌሊት የሚዞር ነበረ ማለት ነው። በ1458 ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ወደ ደናግል ገዳም እንዳይገቡ ተከለከለ፤ የሚገባ ነበረ ማለት ነው። በ1608 ደግሞ ከካርኒቫልና ከተፈቀዱ ግብዣዎች ውጭ ጭምብል ያደረገ ሰው እንዲቀጣ ታወጀ። ወንዱ ሁለት ዓመት እስራት፣ በመንግሥት መርከብ ላይ አሥራ ስምንት ወር በሰንሰለት ታስሮ መቅዘፍና የገንዘብ መቀጮ ነበረበት። ሴተኛ አዳሪዋ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ እስከ ሪያልቶ ድልድይ በጅራፍ ተገርፋ፣ ለሕዝብ መታያ ቆማ፣ ለአራት ዓመት ከአገር ትባረር ነበር። ሕጉ ለሁሉ አንድ ነው ቢባልም ጅራፉ የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ተመልከቱ።

ያም ሆኖ ልማዱ አልቆመም፤ እየሰፋ ሄደ። የካርኒቫሉ ጊዜ ከገና ማግስት፣ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን ጀምሮ እስከ ጾሙ ዋዜማ ነበር። ላይ ላዩን ደግሞ የበልጉ የዕርገት በዓልና የመኸሩ የቲያትር ወራት ተጨመሩ። በ1700ዎቹ የቬኒስ ሰው ከዓመቱ ግማሽ ለሚሆነው ጊዜ ጭምብል ማድረግ ይፈቀድለት ነበር።

ለምን ይህን ያህል ወደዱት? ከተማዋ ጠባብ ናት። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ ማን የማን ዕዳ እንዳለበት ይታወቃል። በጣም የተለመደው ጭምብል ባውታ የሚባለው ነጩ ነው። ከሱ ጋር ጥቁር ካባ፣ ራስንና አንገትን የሚሸፍን ጥቁር ሻሽና ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ይደረጋል። አገጩ ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ ሰውዬው ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ድምፁም ይለወጣል። ወንድም ሴትም ያደርገዋል። ባውታ ያደረገን ሰው «ጌቶች» ወይም «አንተ» ብሎ የሚለይ የለም። ሁሉንም «ሲዮራ ማስኬራ» ይሉታል፤ «እመቤት ጭምብል» እንደማለት ነው። መኳንንቱም ነጋዴውም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

በ1638 መንግሥት ሪዶቶ የሚባል የቁማር ቤት ከፈተ። ቁማርተኛው ጭምብል ካላደረገ አይገባም። ፊታቸውን ገልጠው የሚቀመጡት ካርታውን የሚያጫውቱት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከመኳንንት ወገን ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ቤት ሀብቱን ጨረሰ። በ1774 መንግሥት ራሱ የከፈተውን ራሱ ዘጋው።

ጭምብል እንዴት ይሠራል?

ጭምብል ሠሪዎቹ «ማስካሬሪ» ይባላሉ። በ1436 የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈላቸው። የተመዘገቡትም ከሠዓሊዎች ማኅበር ጋር ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ፊቱ በጭቃ ይቀረጻል። በጭቃው ላይ ጄሶ ይፈስበትና ሲደርቅ ቅርጹን የያዘ ጎድጓዳ ይሆናል። ከዚያ ወረቀት ተቆራርጦ በኮላ ውኃ ይነከርና በጎድጓዳው ውስጥ ድርብ ድርብ እየተደረገ በጣት ይለጠፋል። ሲደርቅ ይወጣል፣ ዓይኑ ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ነጭ ይቀባል። ቀለሙ፣ ወርቁና ላባው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ለቲያትር የሚሆነው ደግሞ ከቆዳ ይሠራል፤ የራሰው ቆዳ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየተቀጠቀጠ ፊት ይሆናል። ጄሶም ኮላም እኛ አገር የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እናቴን ያስደነገጣት ፊት ውስጡ ወረቀትና ኮላ ብቻ ነው። ስጠርገው እንዲህ የሚቀለኝም ለዚህ ነበር።

ምንቃር ያለው የወረርሽኝ ሐኪም የሚባለው ነው። በ1600ዎቹ በአውሮፓ የነበሩ አንዳንድ ሐኪሞች በሽታ በመጥፎ ሽታ ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ምንቃሩን መዓዛ ባላቸው ቅጠሎች ሞልተው ያደርጉት ነበር። ቬኒስ ራሷ በ1630 እና በ1631 በተነሣው ወረርሽኝ ከሕዝቧ ሢሶ ያህሉን አጥታለች። የሞት ዘመን ልብስ ኋላ የጨዋታ ልብስ ሆነ። ይህን ሳነብ የኮሮናውን ጊዜ አሰብኩ። እኛ በዚያ ጊዜ ያደረግነውን ጭምብል ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም።

የሎሌዎቹ ፊት

አሁን ወደ እኛ ወገን ልምጣ። በቬኒስ ጭምብሎች መካከል የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

አንዱ ኛጋ ይባላል። ወንዶች የሠፈር ሴት ልብስ ለብሰው፣ የድመት ፊት ያለው ጭምብል አድርገው፣ ቅርጫት አንጠልጥለው እንደ ድመት እየጮኹ ይዞራሉ። አንዳንዶቹ እንደ ልጅ አሳዳጊ ሞግዚት ይለብሱና ጓደኞቻቸው እንደ ሕፃን ሆነው ይከተሏቸዋል። የሚሳቅባት እንግዲህ ሞግዚቷ ናት።

ሌላው ከቲያትር የመጣ ነው። በ1500ዎቹ በጣሊያን የተጀመረ አንድ ዓይነት ቲያትር አለ። ተዋንያኑ እንደ ማኅበር ተስማምተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ በጭምብል ይጫወታሉ። የመጀመሪያው የታወቀ የውል ወረቀታቸው በ1545 በፓዶቫ ከተማ የተጻፈው ነው። በዚህ ቲያትር ውስጥ ፓንታሎኔ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ሀብታምና ስስታም የቬኒስ ነጋዴ ነው። ከሥሩ ደግሞ ዛኒ የሚባሉ ሎሌዎች አሉ። ዛኒ ማለት ዮሐንስ የሚለው ስም በዚያ አገር ሰው አፍ ሲጠራ ነው። ለምን የሎሌ ሁሉ ስም ዮሐንስ ሆነ ብትሉ፣ በዚያ ዘመን ከቤርጋሞ ተራሮች ብዙ ድሆች ገበሬዎች ወደ ቬኒስ እየወረዱ ተሸካሚና አሽከር ይሆኑ ነበር። የከተማው ሰው ስማቸውን ለይቶ አይጠራም፤ ሁሉም ዛኒ ነው። እዚህ ስንመጣ ስማችን ለመጥራት ይከብዳል ተብሎ ስንቶቻችን ሌላ ስም ወጥቶልናል? እኔ በመጀመሪያው ቤት ከኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነበር የምጠራው።

የዛኒ ጭምብል ረጅም አፍንጫ አለው። ሁልጊዜ ይርበዋል። አነጋገሩ የባላገር ስለሆነ የከተማው ሰው ይስቅበታል። ከዛኒዎቹ ዝነኛው አርለኪኖ ነው። ልብሱ ዛሬ በቀለማት ያጌጠ ይመስላል፤ መጀመሪያ ግን የድሃ ሰው የተጣጣፈ ልብስ ነበር። ኮሎምቢና የምትባለው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከሁሉም ብልህ እሷ ናት። የጌታዋን ስስት፣ የእመቤቷን ምሥጢር፣ የአርለኪኖን ሞኝነት ታውቃለች። መድረክ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ጭምብል አታደርግም ነበር። የቬኒሱ ጸሐፊ ካርሎ ጎልዶኒ በ1740ዎቹ ስለ አንድ ሎሌ ቲያትር ጻፈ። ሎሌው ራቱን ሁለቴ ለመብላት ብሎ በአንድ ቀን ለሁለት ጌቶች ይቀጠራል። ቲያትሩ እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል። ጎልዶኒ በኋላ ተዋንያኑ ጭምብላቸውን እንዲያወልቁ ይገፋፋ ነበር፤ በተሸፈነ ፊት ውስጥ የሰው ልብ አይታይም የሚል ሐሳብ ነበረው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጭምብል እንመለስ። ስሙ ሞሬታ ነው። የሚሠራው ከጥቁር ከፋይ ሲሆን የሚያደርጉት ሴቶች ብቻ ናቸው። ያለ ማሰሪያ ፊት ላይ እንዴት ይቆማል ብዬ ነበር። በጀርባው ያለችውን ቁልፍ ሴትየዋ በጥርሷ ትነክሳለች። ስለዚህ ጭምብሉ ፊቷ ላይ እስካለ ድረስ መናገር አትችልም። ለመናገር ብትፈልግ ጭምብሉን ማውለቅ አለባት። ፒየትሮ ሎንጊ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ1751 አውራሪስ ለማየት የመጡ ሰዎችን ሥሏል። ከኋላ ከቆሙት መካከል ሞሬታ ያደረገች ሴት አለች። ሌሎቹ ይታያሉ፤ የሷ ፊት ጥቁር ክብ ብቻ ነው።

ይህ ጭምብል ሁለተኛ ስም አለው። የማዳም ልጅ በጣሊያንኛ ከነገረችኝ በኋላ ወደ ዓረብኛ መለሰችልኝ። «ዲዳዋ ገረድ» ማለት ነው።

ጨርቁን ይዤ ቆሜ የቀረሁት ለዚህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን የጠረግኩት ፊት ስሙ የኔ ኖሯል። ጭምብሉን የሚያደርጉት ግን ገረዶች አልነበሩም፤ ከፋይ መግዛት የሚችሉ ወይዛዝርት ነበሩ። ዝም ማለታቸው ለጨዋታ ነበር፤ ወንዱ «ማን ትሆን?» ብሎ እንዲጓጓ ነው። ደስ ያላቸውን ሰው ሲያገኙ አውልቀው ያናግሩታል። ወይዘሮዋ ዝምታውን ለአንድ ምሽት ከገረዷ ተዋሰችው። ገረዷ ግን ጠዋትም ማታም እሱው ነው ያላት፤ የምታወልቀው ነገር የላትም።

ሲቋረጥና ሲመለስ

በግንቦት 1797 ናፖሊዮን ቬኒስን ያዘ፤ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየው መንግሥት ወደቀ። ከዚያ የመጡት ገዢዎች፣ ፈረንሳዮቹም ኦስትሪያውያኑም፣ ፊቱን የሸፈነ ሕዝብ አልወደዱም። የመንገድ ላይ ጭምብል ተከለከለ፤ ጥበቡም እየጠፋ ሄደ። ካርኒቫሉ እንደገና የተነሣው በ1979 ነው። የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች የድሮ ሥዕል እያዩ ጭምብል መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ ለማየት ይሄዳል። በርካሽ የሚሸጠው የፕላስቲክ ጭምብል ከውጭ እየገባ በእጅ የሚሠሩትን ሰዎች ገበያ አሳጥቷቸዋል።

በዚያው በ1797 ከቬኒስ በጣም ርቃ በምትገኝ ትሪኒዳድ በምትባል ደሴት እንግሊዞች ገቡ። ይህን የምነግራችሁ የካርኒቫል ታሪክ እዚያ ሌላ መልክ ስላለው ነው። ከዚያ በፊት ደሴቲቱ የስፔን ሳለች፣ ከ1783 ጀምሮ ብዙ ፈረንሳውያን የእርሻ ጌቶች ከአፍሪካውያን ባሪያዎቻቸው ጋር መጥተው ሰፍረው ነበር። ጌቶቹ ከገና እስከ ጾም ድረስ በየቤታቸው የጭምብል ጭፈራ ያደርጋሉ። አንዱ ጨዋታቸው እንደ እርሻ ባሪያ ለብሶ መጨፈር ነበር። ባሪያዎቹ ግን ከጨዋታው ገለል የተደረጉ ናቸው፤ ሲያሳልፉና ሲያጥቡ ያያሉ።

በ1834 ባርነት በሕግ ቀረ፤ ሙሉ ነፃነት የመጣው በ1838 ነው። ነፃ የወጣው ሕዝብ ካርኒቫሉን ወደ መንገድ አወጣው። አሁን ተራው የእነሱ ሆነ። «ዳም ሎሬን» የምትባል ጭምብል ለባሽ መጣች። የእርሻ ጌታው ሚስት ናት። ደረትና መቀመጫዋ በጨርቅ ተወጥሯል፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳለች፣ ማራገቢያ ይዛ እየተሽኮረመመች ትሄዳለች። ይህን ያህል አጥርቶ ማዳሟን ማሳየት የሚችል ማን ነው? በቅርብ ያያት ነው፤ ያለበሳት፣ ጸጉሯን ያበጠረላት፣ ምግቧን ያቀረበላት ነው። ገዢዎቹ በጨዋታው አልተደሰቱም። በ1881 ፖሊስ በካርኒቫሉ ሌሊት ችቦና ዱላ የያዘውን ሕዝብ ሊበትን ሲል ትልቅ ግጭት ተነሣ። ካርኒቫሉ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነው።

በዚህ ባለንበት አገርም ጭምብል አለ። በፈረንጆች ዲሴምበር 4 ቀን ዋዜማ፣ የክርስቲያን ልጆች ጭምብል አድርገው ቤት ለቤት ይዞራሉ። የቅድስት በርባራ በዓል ነው። እኛ ስንዴውን ቀቅለን፣ ስኳርና ሮማን ዘቢብም ጨምረን በየሳህኑ የምናቀርብበት ቀን ነው። ያው ንፍሮ ነው፤ ጣፈጠ እንጂ። ብዙዎቻችን ግን የኛም ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 8 ቀን የምታስባት በርባራ መሆኗን አናስተውልም። አባቷ ግንብ ውስጥ ዘግቶ ያስቀመጣት ናት። የዚህ አገር ሰው እንደሚተርከው፣ ስታመልጥ እንዳትታወቅ መልኳን ለውጣ ነበር፤ የስንዴው ማሳም ሸሸጋት ይባላል። የልጆቹ ጭምብል የዚያ መታሰቢያ ነው። ይሄኛው ጭምብል እንግዲህ የተዘጋባት ልጅ ማምለጫ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንዳንዶቻችሁ ጭምብል ኃጢአት ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሱን ለአባቶች እተዋለሁ። እኔ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። በወንጌል «ግብዝ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል በግሪክኛ የቲያትር ተዋናይ ማለት ነበር። በዚያ ዘመን ተዋናይ ደግሞ መድረክ ላይ የሚወጣው ጭምብል አድርጎ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ጾም ሲያስተምር ለሰው ለመታየት ፊታቸውን የሚለውጡትን ወቅሶ፣ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ ያዛል። ካርኒቫሉ ሲያልቅ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ጾሙ የሚጀመረው በታጠበ ፊት ነው።

የኛ ጭምብል ግን መቼ ይወልቃል? ከእናቴ ጋር በኢሞ ስነጋገር ለምን ሳሎን እንደቆምኩ አልነገርኳችሁም። የምተኛበት ቦታ እንዳይታይ ነው። ሻሼን አስተካክዬ፣ ሶፋው ከኋላዬ እንዲታይ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ «ደህና ነኝ እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምናደርግ? እናት እንዳትጨነቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ይህ ጭምብል ለእናቶቻችን ብለን አድርገነው እርስ በርሳችንም እንደለበስነው እንቀራለን።

ከኛ ፎቅ ፊት ለፊት አንዲት ልጅ ነበረች። ልብስ ስናሰጣ ከባልኮኒ ባልኮኒ እንተያያለን። ሁልጊዜ ትስቃለች፣ እጇን ታወዛውዛለች። «ደህና ነሽ?» ስላት «በጣም!» ትለኛለች። እኔም «ታድላ፣ ጥሩ ቤት ገብታለች» እል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በአንድ ፌስታል ልብሷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ከዓመት በላይ ደመወዟ አልተከፈላትም ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ለኔም አልተናገረችም፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። በየቀኑ ያየሁት ሳቅ ቁልፏን በጥርሷ እንደያዘች የሚነግረኝ ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። ዛሬ አገሯ ገብታለች፤ ደህና ናት። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። እሑድ እዚህ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ደህና ነኝ» ስትል ደግሞ አንድ ጊዜ ጠይቁ። «ደመወዝሽን በስንት ወርሽ ተቀበልሽ? በሌሊት ትተኛለሽ? ፓስፖርትሽ የት ነው?» በሉ። የተቀበላችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ። እሑድ የማትወጣ እህት ካለች ከባልኮኒም ቢሆን ስሟን ጠይቁ፤ የራሷን ስም፣ ያወጡላትን ሳይሆን።

ባለፈው ሐሙስ ጭምብሎቹን ስጠርግ ጥቁሩን ከሁሉ መጨረሻ አነሣሁት። ገልብጬ ቁልፏን አየኋት። በጣም ትንሽ ናት፤ አፍ መክፈት ብቻ ነው የሚበቃው። ወድቆም ቢሆን ወረቀትና ከፋይ ነው፣ አይሰበርም። አቧራውን ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ገብቼ ለእናቴ ደወልኩላት። ሳሎን አልቆምኩም።

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።